ግዕዝን ለመማር በእንግሊዝኛ ስለ መፈተን

ባለፈው ጥቅምት ወር ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ጉባኤ ዘርግቶ ቅኔ የሚያስተምር ሰው ሊጠይቀኝ መጣ፡፡ ይህ ሰው ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የቈጠረ ነው፡፡ በልጅነቱ ከቡሬ ገጠር ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አቁማዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዞር ኖሯል፡፡ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ያለውን ቤት ሁሉ ዘልቆ፣ አገባቡን አጠናቆ ተመረቀ፡፡ ዛሬ ሌሊት ግሥ ያስወርዳል፤ ቀን ቅኔ ያስቈጥራል፤ ማታ ነገራ ይሰማል፡፡

መምህሩ በዩኒቨርሲቲ በግዕዝ ቋንቋና በጥንት መጻሕፍት ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚሰጥ ሰምቶ፣ መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ጠብቆ (ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህ በአገራችን መንገድ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው) ስሙን ወደማልጠራው አንድ መዝገብ ቤት ሄዶ ነበር፡፡ ጸሓፊው በትሕትና ተቀብሎ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን፣ የመጀመሪያ ዲግሪውንና የመግቢያ ፈተና ውጤቱን ጠየቀው፡፡ እርሱም የቅኔ መምህርነቱን ምስክር ወረቀት አወጣ፡፡ ጸሓፊው ማኅተሙን ደጋግሞ አየና፣ «መሪጌታ፣ ይህ እዚህ አያገለግልም» ብሎ መለሰለት፡፡

መምህሩ ይህን ሲነግረኝ አልተቈጣም፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፡፡ «የኔታ፣ በዚያ ቤት የሚማሩት ግዕዝ ሌላ ግዕዝ ነውን?» አለኝ፡፡ እኔም መልስ አጣሁ፡፡

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ ነገሩን እንመርምረው፡፡ በአገራችን ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚገባ ሰው አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፡፡ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ያቆመውን አገር አቀፍ ፈተና በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ማለፍ አለበት፡፡ ይህ ሥርዓት ለሐኪምና ለመሐንዲስ ይገባ ይሆናል፤ በዚያ አልከራከርም፡፡ ነገር ግን ግዕዝን ለሚመረምር ሰው በር ላይ የቆመው ዘበኛ እንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ምን እንበል? ያ ፈተና ቀተለን ከቀደሰ የሚለይ ሰው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፡፡ ስለዚህ ከስምንቱ የግሥ አርእስት አንዱን እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት በእንግሊዝኛው በርትቶ ሲገባ፣ ስምንቱንም በሌሊት በቃሉ የሚያስወርደው መምህር ከደጅ ይመለሳል፡፡

«ሥርዓት ለሁሉ አንድ ነው፤ ለመሪጌታ ብለን ልናፈርሰው አንችልም» የሚሉ አሉ፡፡ እኔ ሥርዓቱ ይፍረስ አላልሁም፤ ሚዛኑ የሚመዝነውን ነገር ይወቅ እላለሁ እንጂ፡፡ ወርቅ በእህል ሚዛን አይመዘንም፡፡ ደግሞም የጥንት ቋንቋ ትምህርት በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ከበረ እናስተውል፡፡ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በግሪክና በላቲን ግጥም ለሚገጥም ተማሪ ከመቶ ዓመት በላይ ሽልማት ሲሰጥ ኖሯል፡፡ ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት፣ በቋንቋው አዲስ ነገር ሊፈጥር የቻለ ሰው ቋንቋውን በእርግጥ እንደሚያውቀው ስለ ተረዱ ነው፡፡ እነርሱ በሽልማት የሚያባብሉበትን ሥራ የጎንጅና የዋሸራ ልጆች ቁራሽ እየለመኑ በየዕለቱ ይሠሩታል፡፡ የእኛ ፈታኞች ግን አንዲት ጉባኤ ቃና አይጠይቁም፡፡

ከዚህ የተነሣ የሚደርሰውን ጥፋት በዓይኔ አይቻለሁ፡፡ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በእጄ ገብቶ ሳነብ፣ ተማሪው የአንዱን መወድስ ሰሙን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ ወርቁን ሳያየው አልፎታል፡፡ ጽሑፉ ግን በመልካም ማዕርግ አልፏል፡፡ ልጁን አልወቅሰውም፤ ወርቅ እንዳለ የነገረው የለምና፡፡

ታሪክም ለእኛ ይመሰክራል፡፡ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 እ. ኤ. አ. ያሳተመው ከእኛው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ነው፡፡ ሉዶልፍ በ1652 አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ ከተማ ሲያስመጣው የዲግሪ ወረቀት አልጠየቀውም፤ እግሩ ሥር ተቀምጦ ጠየቀ እንጂ፡፡ (አባ ጎርጎርዮስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ፤ አገሩንም ዳግመኛ አላየ፡፡) አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ቢሆን ከመምህሩ ከክፍለ ጊዮርጊስ የተቀበለውን ሥራ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥና ዐረብኛ ጨምሮ ሲያስፋፋው ኖረ፡፡ እርሱ በ1936 ዓ. ም. ካረፈ በኋላ ደቀ መዝሙሩ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ፈጽሞ በ1948 ዓ. ም. አሳተመው፡፡ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ግዕዝ የሚያጠና ሰው ሁሉ ያንን መዝገበ ቃላት ይገልጣል፡፡ እንግዲህ አለቃ ኪዳነ ወልድ ዛሬ በሕይወት ቢኖርና ወደዚያ መዝገብ ቤት ቢሄድ፣ የጻፈውን መጽሐፍ ለመማር አይፈቀድለትም ነበር፡፡

ለራሳችንም ወገን የምናገረው አለኝ፤ ይህም ሳይመር አይቀርም፡፡ ከእኛ መካከል «ግዕዝን ከፈረንጅ የምንማርበት ምን ምክንያት አለ?» እያሉ የሚታበዩ ብዙዎች ናቸው፡፡ እነዚህን ወንድሞች እንዲህ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከፊታችሁ ያለው ብራና በየትኛው ዘመን እንደ ተጻፈ ከፊደሉ ቅርጽ ለይታችሁ ትነግሩኛላችሁን? ስንክሳርና ሃይማኖተ አበው ከዐረብኛ፣ ቄርሎስ ከግሪክ እንደ ተመለሱ ስትሰሙ፣ ጥሬውን ከምንጩ ጋር ልታስተያዩ ትችላላችሁን? ሁለት ቅጂ ሲለያዩ የቱ የጸሓፊ ስሕተት እንደ ሆነ በምን ትፈርዳላችሁ? እኔም አልችልም፤ አልተማርሁትምና፡፡ ይህን የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ነው፡፡ በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት እንኳ ሎንዶን ተቀምጠው የሚያነባቸውን ሰው ይጠብቃሉ፤ እኛ በጉባኤያችን ተቀምጠን ብንኰራ ወደ እኛ አይመጡም፡፡

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አይተናል፡፡ እርሱ በአገሩ የግዕዝ ትምህርት ላይ በ1962 እ. ኤ. አ. ከቱቢንገን የተቀበለውን ዶክተርነት ጨምሮ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጦ፣ ፎቶግራፍ የተነሡ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍታችንን መርምሮ ዝርዝራቸውን ጻፈ፡፡ በ2013 ዓ. ም. ሲያርፍ በስፍራው የሚቆም ሰው ፍለጋ ብዙ ዐይን ዞሯል፡፡ ያ ሰው በጎጃም ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይሆን እፈራለሁ፡፡

የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም፡፡ በግዕዝ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ ቤት ሁሉ፣ የታወቀ ጉባኤ የመሰከረለትን የቅኔ መምህር በቅኔ መምህራን ፊት ይፈትነው፤ ካለፈም እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ይቍጠርለትና ያስገባው፡፡ እንግሊዝኛውን በውስጥ ሆኖ በአንድ ዓመት ይማር፤ መወድስ የሚቀኝ አእምሮ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አያቅተውም፡፡ በሌላውም በኩል፣ ከክፍል ትምህርት የመጣው ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምት በቅኔ ጉባኤ ይቀመጥ፡፡ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ግቢ አለው፤ ከግቢው ወጥቶ ጉባኤ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ከቡሬ ቀጥሎ ያለችው ከተማ ስም እንኳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ግዕዝ ነው፡፡

መምህሩ ከእኔ ዘንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ጉባኤው ተመለሰ፤ ደቀ መዛሙርቱ ነገራ የሚሰማቸው አጥተው ነበርና፡፡ ምስክር ወረቀቱን ግን እኔ ዘንድ ትቶት ሄዷል፡፡ የሚቀበለው ቤት ከተገኘ በዚህ ጋዜጣ በኩል ያስታውቁኝ፤ በማግሥቱ እልከዋለሁ፡፡