ቆዳው የተቀደደ መሰንቆ ወዴት ይሂድ?

ቆዳው የተቀደደ፣ ጭራው የሳሳ መሰንቆ በአንድ የኪነት ቡድን እጅ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል። አንደኛው ዕቃ ቤት ተወርውሮ የምስጥ ሲሳይ መሆን ነው። ሁለተኛው፣ ክብር መስሎ የከፋው፣ በቫርኒሽ ተወልውሎ በሆቴል ወይም በቢሮ ግድግዳ ላይ መሰቀል ነው። ወደ ሠራው ሰው ተመልሶ መጠገን ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም። እኛ የምንሟገተው ለዚህ ለተረሳው ሦስተኛው መንገድ ነው።

ለመሆኑ መሰንቆ ምንድን ነው? የእንጨት ሣጥን፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ረዘም ያለ እጀታ፣ አንድ መቃኛ፣ ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ አንድ አውታር፣ እንዲሁም ጭራ የተወጠረበት ደጋን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ዕድሜ የሚቆጥረው እንጨቱ ነው። ጭራው ይበጠሳል፤ ቆዳው ያልቃል። በወገራና በዳባት ደጋ ክረምቱ ሲከብድ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ አዝማሪውም እሳት ዳር ያሞቀዋል። እንግዲህ መሰንቆ ገና ሲሠራ ጀምሮ እየታደሰ እንዲኖር የታሰበ መሣሪያ ነው።

«አዲስ መግዛት ይቀላል» የሚሉ አሉ። ለሒሳብ ሹሙ ይቀል ይሆናል፤ ለጥበቡ ግን አይቀልም። አሮጌ መሣሪያ ተመልሶ ሲመጣለት ሠሪው የራሱን ሥራ ይመረምራል። ቆዳው ከየት በኩል እንደ ተቀደደ፣ የትኛው መጋጠሚያ እንደ ተላቀቀ፣ የትኛው እንጨት እንደ ጸና በዓይኑ ያያል፤ የሚቀጥለውንም በዚያው ያሻሽላል። ከአጠገቡ የተቀመጠው ወጣትም ከአሥር አዳዲስ መሰንቆዎች የማያገኘውን ትምህርት ከአንድ ከተከፈተ አሮጌ መሰንቆ ያገኛል። ለደራሲ ሂስ ምን እንደ ሆነ፣ ለመሰንቆ ሠሪ ጥገና ያው ነው። ሂስ የተነፈገ ደራሲ እንደሚኮላሽ ሁሉ ጥገና የተነፈገ ሠሪም ለገበያ የሚብረቀረቅ ጌጥ ወደ ማምረት ይወርዳል።

«ቅርስ ነውና እናስውበው» የሚሉትም መልስ ይሻሉ። ጎንደር ይህን ትምህርት በድንጋይ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ፣ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግኖ ነበር። ጥገናው ከሕንፃው ባሕርይ ጋር የማይስማማ በመሆኑ ኋላ ሲሚንቶው በአብዛኛው እየተነሣ በጥንቱ ኖራ ተተካ። ኖራ የሚሻውን ግንብ በሲሚንቶ መጠገን ጥፋት ከሆነ፣ መተንፈስ የሚሻውን ቆዳ በቫርኒሽ ማፈን ምን ሊባል ነው?

ከሩቅ አገር ምሳሌ ካስፈለገም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1833 የተቋቋመው የማርቲን ጊታር ፋብሪካ የራሱን አሮጌ ጊታሮች ተቀብሎ የሚጠግን ክፍል አለው። የአሮጌ ጊታር አዋቂዎችም የቀድሞው ቅብ ተፍቆ አዲስ የተቀባ ጊታር ዋጋው እንደሚወርድ አሳምረው ያውቃሉ። ጊታር ይህን ያህል ክብር ሲያገኝ መሰንቆ የሚነፈግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምክንያቱን አበው ነግረውናል፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»። መሰንቆው የሚጣለው ሠሪው ስለ ተናቀ ነው። ለአዝማሪው ዜማ እያጨበጨብን፣ አዝማሪ የሚለውን ስም ግን ለስድብ እናውለዋለን። ከጎንደር ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትወሳለች፤ የተቀደደ ቆዳ የሚወጠርበት ቀን ሲመጣ ግን የሚያስታውሳት የለም። ጥበቡን ወድዶ ጥበበኛውን መናቅ ፍሬውን እየለቀሙ ግንዱን መቁረጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። የባህል መሥሪያ ቤቶች ለአልባሳትና ለመድረክ መብራት በጀት እንደሚይዙ ሁሉ ለመሣሪያ ጥገናም ይያዙ። በንብረት መዝገብ ላይ ከመሰንቆው ቁጥር ጎን የሠሪው ስም ይጻፍ። የሙዚቃ መምህራን ደቀ መዛሙርታቸውን መምታት ብቻ ሳይሆን ቆዳ መወጠርና ጭራ መምረጥም እንዲማሩ ከሠሪው ዘንድ ያስቀምጧቸው። ለሠሪውም የእጁ ዋጋ ሳይሸራረፍ ይከፈለው።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መሰንቆ ያወረደ፣ ለሠሪውም የመለሰ ኃላፊ ስለ ባህል ጥበቃ ንግግር ባያደርግም ይቅርታ ይገባዋል፤ ሥራው ተናግሮለታልና።