ጊታሩ ሲጮህ ዘፋኟ ስትጠፋ

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ጊታሪስት አለ። ቀን በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ደግሞ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ከባንድ ጋር ይጫወታል። ለዓመታት የተገለገለበት አምፕሊፋየር እየተንኮሻኮሸ ስላስቸገረው፣ ከደመወዙ ላይ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ አዲስ ገዛ። ባለ 100 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሣጥን ነው። ከመኪና አውርዶ ቤቱ ሲያስገባው "ከእንግዲህ ማን ይችለኛል" ሳይል አልቀረም።

ሳምንቱን ሙሉ አፓርትመንቱ ውስጥ ማዞሪያዎቹን ሲነካካ ሰነበተ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከጎረቤት ሕፃን ይተኛል። ስለዚህ የሚሞክረው ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ ነበር። ቤዙን ከፍ፣ ትሬብሉን ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ፣ ሪቨርቡን ደግሞ ጨመር አደረገ። ድምፁ እንደ ሐር ለሰለሰለት። የማዞሪያዎቹ ቦታ እንዳይጠፋበት በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቅዳሜን መጠበቅ ጀመረ።

ቅዳሜ ማታ ሐሩ ማቅ ሆነ። የጊታሩ ወፍራም ድምፅ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ተደባልቆ ያጉረመርማል፤ ቀጭኑ ድምፅ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እንግዶች ጆሮ ይወጋል፤ ራሱ ጊታሪስቱ ግን የሚጫወተውን ዜማ በቅጡ አይሰማም። ስላልሰማ ቮሊዩሙን ጨመረ። ድራም መቺውም እንዳይሸፈን በኃይል መታ። ዘፋኟ ሁለት ጊዜ ዘወር ብላ በእጇ "ቀንስ" አለችው፤ በሦስተኛው ተስፋ ቆረጠች። ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ጆሮአቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ምግባቸውን ሳይጨርሱ ሒሳብ ጠየቁ። ሌሊት ሲዘጋ የቤቱ ባለቤት "ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ሰው ይሸሸኛል። ሙዚቃውን ከስልክ ብንለቀው ሳይሻል አይቀርም" አለው። ነገሩ እንግዲህ የአንድ ሣጥን ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ የአንድ ባንድ እንጀራ ሆነ።

ለመሆኑ በአፓርትመንቱ ያማረው ድምፅ በምግብ ቤቱ ለምን ተበላሸ? ሣጥኑ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። አንደኛው ምክንያት የሰው ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮአችን መካከለኛውን ደኅና አድርጎ ይሰማል፤ ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ግን አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚለማመድ ሰው የጎደለውን ለመሙላት ቤዝና ትሬብል ይጨምራል። ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮው በተለይ ወፍራሙን በሚገባ መስማት ይጀምራል፤ የተጨመረው ሁሉ ትርፍ ይሆናል።

መካከለኛውን መቀነሱ ደግሞ የባሰ ስሕተት ነበር። የጊታር ዜማ በአብዛኛው የሚኖረው እዚያው መካከል ላይ ነው። ለብቻ ሲጫወቱ መካከለኛው የጎደለው ድምፅ ያምራል፤ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ ሲገቡበት ግን ጊታሩ ይዋጣል። የተዋጠ ጊታሪስት የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ቮሊዩም።

ዋቱስ? ብዙ ሰው 100 ዋት ከ10 ዋት አሥር እጥፍ የሚጮህ ይመስለዋል። አይደለም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲብል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲብል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በተመሳሳይ ስፒከር ቢሞከሩ ባለ 100 ዋቱ ባለ 10 ዋቱን የሚበልጠው በሁለት እጥፍ ያህል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቲዩብ በሚባለው የመስታወት አምፖል የሚሠራ አምፕሊፋየር ጣዕሙን የሚያወጣው ሠራ ሠራ ሲደረግ ነው። ትልቁ ሣጥን በጠባብ ቤት ውስጥ እዚያ ሳይደርስ ሰው ያስበረግጋል። ለ40 ወይም ለ50 ሰው አዳራሽ ከ15 እስከ 20 ዋት ያለው የቲዩብ አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ሲያንስም ማይክሮፎን ፊቱ ማቆም ይቻላል።

በማግስቱ እሑድ የኪቦርዱ ተጫዋች፣ ከአገር ቤት ጀምሮ በባንድ ውስጥ ያረጁ ሰው፣ ልጁን ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲመጣ ጠሩት።

"በል፣ ሁሉንም መካከል ላይ መልሰው" አሉት።

"ጋሼ፣ ድምፁ ይደርቃል እኮ።"

"ይድረቅ። አንተን ብቻ ሊሰማ የሚመጣ ሰው የለም።"

ቀጥለው ሣጥኑን ከግድግዳው ጥግ አስወጡት፤ ጥግ ቤዝ ያበዛልና። ከወለሉም አንሥተው ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ትሬብል እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ሣጥኑ ወለል ላይ ሲሆን ጩኸቱ በተጫዋቹ ጉልበት በኩል አልፎ የተቀመጠውን እንግዳ ፊት ይመታል፤ የቆመው ተጫዋች ግን ድምፁ የደበዘዘ ይመስለውና ትሬብል ይጨምራል። አሁን ስፒከሩ ወደ ጆሮው ቀና ሲል ልጁ ራሱ ደነገጠና ትሬብሉን ቀነሰ።

ከዚያ ረጅም ገመድ ሰክተው ጊታሩን እንደያዘ እስከ ጥጉ ጠረጴዛ ድረስ፣ ትናንት እናትየው ተቀምጠው እስከነበሩበት ድረስ ወሰዱት። "ከዚህ ሆነህ ተጫወት" አሉት። ባንዱ በሙሉ ሲገባ ቤዙን ትንሽ ቀነሰ፣ መካከለኛውን ትንሽ ጨመረ፤ ሪቨርቡን፣ የእስክስታው ምት ውኃ ውስጥ የገባ እንዳይመስል፣ እስከ ሩቡ ድረስ አወረደ።

"ዲስቶርሽኑንስ ልተወው?" ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ አልከለከሉትም። እውነትም የሚያንዘረዝር ድምፅ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የበገናን አውታር ያየ ሰው፣ አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እንደምትገባ ያውቃል፤ ያን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። ነገር ግን በገናው ሲነዝር የደርዳሪው ቃል አይሸፈንም። የጊታሩም እንዲሁ ነው። የጊታር ዜማና የሰው ድምፅ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ናቸውና፣ ዘፋኟ ስትዘፍን ጊታሪስቱ እጁን ይሰበስባል፤ እሷ ስታርፍ ማሲንቆ ለአዝማሪው እንደሚመልስ ይመልሳል።

በዚህ ሙያ ከታወቁት ስሞች ሁለቱ ጊታሪስቶች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ፣ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ ያቋቋመው ሊዮ ፌንደር ሬድዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም። ሥራውን ያሻሻለው ለሙዚቀኞች እያስሞከረ፣ ቅሬታቸውን እየሰማ ነው። በምዕራብ ለንደን፣ በሐንዌል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻልም ድራም መቺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ፣ ባስማን የተባለውን የፌንደር ሣጥን መነሻ አድርጎ የራሱን ያወጣው ደንበኞቹ የሚፈልጉትን ድምፅ ስለነገሩት ነው። ሁለቱም ከመጫወት ይልቅ በመስማት ነው ስም ያተረፉት።

ጆሮን መጠበቅም አይዘነጋ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲብል ነው፤ 100 ዴሲብል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አንድ የባንድ ምሽት ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቡት።

አሮጌውን ወይም አዲሱን ሣጥን ወደ አገር ቤት ለመላክ የምታስቡም ብትኖሩ፣ በስተኋላው የተጻፈውን አንብቡ። ለአሜሪካ የተሠራው በ120 ቮልት ይሠራል፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ወይም ኃይሉን የሚችል ትራንስፎርመር ካልተገዛለት፣ አዲስ አበባ ላይ በተሰካ ቅጽበት ይቃጠላል። ክዳኑን ከፍቶ መነካካትም አይገባም፤ የቲዩብ አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚገድል ኃይል ውስጡ ሊያቆይ ይችላል።

እሑድ ማታ ቮሊዩሙ ከቅዳሜው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ጊታሪስቱ የሚጫወተውን እያንዳንዱን ዜማ ይሰማ ነበር። ዘፋኟ አንድ ጊዜ ዘወር አለች፤ እጇን ግን አላነሣችም፤ በራሷ ነቅነቅ ብላ ተመለሰች። ልጁ በዕረፍት ሰዓት የቅዳሜውን የእርሳስ ምልክት በጣቱ አጠፋው።

ሲዘጋ ባለቤቱ ስለ ስልኩ አላነሣም። "የመጪው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትመጣላችሁ?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።