ዛቢያ በእርጥቡ አይግባ

ዛሬ በእጅ ሙያ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ ዛቢያ ነው። ዛቢያ የምሳርና የዶማ እጀታ ነው።

«ዛቢያ ደግሞ ምን ወሬ አለው? እንጨት ቆርጦ መሰካት አይደል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረን እንየው።

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሲደርስ የፍሬው ቤት አፉን ይከፍታል፤ ፍሬው ይረግፋል። በዚያ ሰሞን እጀታ ተሰብሮ ሥራ ቢፈታ፣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል። የምሳር መውለቅ ከዚህም ይብሳል። ወደ ላይ የተነሣ ምሳር ከዛቢያው ቢወልቅ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። አጠገባችሁ ልጅ ይኖራል፤ ጎረቤት ይኖራል።

ታዲያ ምሳር ለምን ይወልቃል? ብዙውን ጊዜ ዛቢያው በእርጥቡ ስለተሰካ ነው። እርጥብ እንጨት በውስጡ ውሃ አለ። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፤ እንጨቱም ይቀጥናል። ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ውፍረቱ ግን ይቀንሳል። የብረቱ ቀዳዳ እንደነበረ ነው። ስለዚህ ትናንት ጠብቆ የነበረው ዛሬ ይላላል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላችን ይሄ ብዙ ቀን አይፈጅም።

ብዙ ሰው የላላውን ምሳር ማታ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያድራል። ጧት ጠብቆ ያገኘዋል። ግን ይሄ ብድር ነው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ መላወሻ ይነሣዋል፤ እዚያው ይጨፈለቃል። ተመልሶ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል።

መፍትሔው ዛቢያን በበጋ ማዘጋጀት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ እንጨት እንምረጥ። ከቆላው ዛፍ ቅርቅራ ጠንካራ ነው። ደጋ ዘመድ ያለው ወይራ ያስመጣል። ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት ይሁን፤ ዛቢያ የሚሰበረው ጉጡ ላይ ነው። የእጣን ዛፍ ግን አይነካ። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ለዛቢያ አይሆንም። ቆሞ ሲኖር ግን እጣን ይሰጣል። አንዴ ከተቆረጠም በምትኩ ሌላ በቀላሉ አያድግም። በቋራ ካለው ከአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም እንጨት አይቆረጥም፤ ጥብቅ ነው።

ሁለተኛ፣ እናድርቀው። ከአጨዳ በኋላ፣ በጥር ቆርጣችሁ ቅርፊቱን ላጡት። ካልተላጠ ነቀዝ ይገባበታል። ወፍራም ከሆነ በቁመቱ ፍለጡት። ጫፍና ጫፉን እበት ቀቡት፤ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ፀሐይ ላይ አትጣሉት። ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ መሬት ላይ ምስጥ ይበላዋል። 3 ወር ያህል ይቆይ። ሁለት እንጨት ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል። የእርጥብ እንጨት ድምፅ ድፍን ነው።

ሦስተኛ፣ እንሰካው። ጫፉን በቀዳዳው ልክ ጥረቡ። በግድ ይግባ እንጂ አይዋልል። የሚገባውን ጫፍ በመጋዝ በቁመቱ ሰንጥቁት። ብረቱን ጫፉ ላይ አስገቡና ወደ ታች አንጠልጥላችሁ ያዙ። ከላይ የቀረውን የዛቢያውን ጭራ በእንጨት መዶሻ ምቱ። ብረቱ በራሱ ክብደት እየጠበቀ ይገባል። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ምቱበት። ሽብልቁም ደረቅና ጠንካራ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

የማጭድ እጀታም ከደረቅ እንጨት ይሁን። ቀዳዳውን ከማጭዱ ጭራ አጥብባችሁ ብሱ። ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ጭራውን በእሳት አግላችሁ አስገቡ።

በመጨረሻ ዛቢያውን በብርጭቆ ስባሪ ፍቃችሁ አለስልሱት። ሸካራ ዛቢያ መዳፍ ይልጣል። ጥቂት የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በየጧቱ ምሳሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። ከተነቃነቀ አትቁረጡበት፤ መጀመሪያ ሽብልቁን አጥብቁ። አንድ ትርፍ ዛቢያም ከጣራ ሥር ይኑራችሁ። በአጨዳ ሰሞን ዛቢያ ፍለጋ ጫካ የሚገባ ሰው ሰሊጡን ለመሬት ትቶ ነው።

ጥያቄዎች

1. እርጥብ ዛቢያ ሲደርቅ ምን ይሆናል?
2. የላላ ምሳር ውሃ ውስጥ መንከር ለምን አይበጅም?
3. ቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች የላላው የትኛው ነው? ስሙን ጽፋችሁ ዛሬውኑ አጥብቁት።

ይህን ለቤተሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።