ለዓሣ ማጥመድና በገመድ ለመጎተት የሚያገለግል አንድ ጀልባ ስለ መምረጥ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል። በሐዋሳ፣ በላንጋኖና በጣና ዳርቻ የእንግዳ ማረፊያ ያቋቋመ ነጋዴ አንድ ጀልባ ገዝቶ ማለዳ ዓሣ ለሚያጠምድ እንግዳ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ በገመድ እየተጎተተ በውሃ ላይ መንሸራተት ለሚወድ ወጣት ለማከራየት ቢያስብ፣ ሐሳቡ ከዚሁ ምሳሌ የተገኘ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ባላው የሚተከለው መሬቱ ከተመረመረ በኋላ ነው። ጀልባውና ሞተሩ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወደብ ተነሥተው ሐይቅ ዳር ከደረሱም በኋላ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ የማይሞከር ነገር ነው። ስለዚህ መጥኖ መደቆስ የሚገባው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሁለቱ ሥራዎች በጠባያቸው የሚቃረኑ መሆናቸው ነው። መንጠቆ እየጎተተ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጀልባው በሰዓት ከ3 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ እንዲሄድለት፣ ወለሉ ገላጣ እንዲሆንለት፣ ቆሞም ሲያዘነብል ጀልባው እንዳይንገዳገድበት ይፈልጋል። በውሃ ላይ ስኪ የሚንሸራተት ሰው ግን ከውሃው ውስጥ በአንድ ጊዜ ተስቦ እንዲነሣ ይሻል፤ ከተነሣም በኋላ በሰዓት ከ45 እስከ 58 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልገዋል። ዌክቦርድ በሚባለው በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ለሚቆመው ከ30 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። አንደኛው ዝግታን፣ ሁለተኛው ጉልበትን ይጠይቃል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተቃራኒነቱ የማይታረቅ አይደለም። የውሃ ላይ ስኪ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1922 ዓ. ም. ሲጀመር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጀልባ አልነበረም። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሌክ ፔፒን ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ሁለት ሳንቃ በእግሩ አስሮ፣ ወንድሙ በጀልባ እየጎተተው በውሃ ላይ ቆመ። ከዚያም በ1958 ዓ. ም. ቦስተን ዌለር የተባለው ኩባንያ በሁለት የፋይበር ግላስ ቅርፊት መካከል አረፋ የተሞላበት 13 ጫማ ርዝመት ያለው ጀልባ ለገበያ አቀረበ። በ1961 ዓ. ም. ደግሞ ይኸው ጀልባ በመጋዝ ለሁለት ሲቆረጥና ግማሹ ሳይሰጥም ሲንሳፈፍ በላይፍ መጽሔት ላይ ታየ። ያን ዓይነቱ ትንሽ ጀልባ ለዓሣውም ለመዝናኛውም ያገለግል ስለነበረ፣ አንድ ጀልባ ሁለት ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚለው ክርክር በተግባር የተረታ ነው። የሚቀረው ጥያቄ የትኛው ጀልባ በየትኛው ውሃ ላይ የሚለው ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካው የማስታወቂያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የሞተር ጉልበት በባሕር ወለል አጠገብ የተለካ ነው። የላንጋኖ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር፣ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር፣ ጣናም ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየሩ በከፍታ ምክንያት ስለሚሳሳ፣ አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በሐዋሳ ላይ ሲሰላ ጉድለቱ ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ 115 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር በሐዋሳ የሚሰጠው 95 ያህሉን ነው፤ 150 የተባለውም ወደ 125 ይወርዳል። ቤንዚንን በኤሌክትሪክ መሣሪያ መጥኖ የሚረጨው ዘመናዊ ሞተር የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር ያስማማል እንጂ የሌለውን አየር አይፈጥርም። ሻጩ ይህን ሳይናገር ቢቀር የሚወቀሰው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ጀልባው የት እንደሚሠራ ሳይገልጽ ዋጋ የጠየቀው ገዢም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የፕሮፔለሩ ነገር ነው። ፕሮፔለር አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት በኢንች ይለካል። ይህ ርቀት ሲረዝም ጀልባው በሜዳ ላይ እንደሚሮጥ ፈረስ ይፈጥናል፤ ሲያጥር ደግሞ ሸክም እንደሚጎትት በሬ ይበረታል። በከፍታ ላይ ያለ ሞተር የተለመደውን ፕሮፔለር ለማዞር ስለሚደክም፣ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች የሚያጥር ይመረጥለታል፤ አንድ ኢንች በቀነሰ ቁጥር ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። ብልህ ነጋዴ ሁለት ፕሮፔለር ያዝዛል፤ አንዱን ለጉተታ፣ ሌላውን ለመጠባበቂያ ያደርገዋል። የአንድ ፕሮፔለር ዋጋ በበዓል ሰሞን አንድ ሳምንት ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይቀላል።

ስለ ሞተሩ አቀማመጥ ብዙ ክርክር አለ። ለጉተታ ብቻ የተሠሩት ጀልባዎች ሞተራቸው በሆዳቸው ውስጥ፣ ፕሮፔለራቸውም ከወለሉ በታች ስለሆነ፣ ከኋላ በኩል ለሚወጣና ለሚወርድ ዋናተኛ አደጋቸው ያነሰ ነው። በጀልባው ማዕበል ላይ ያለ ገመድ የሚንሸራተቱበት ጨዋታም በእነዚህ ብቻ እንጂ ፕሮፔለሩ ከኋላ በተንጠለጠለ ጀልባ ፈጽሞ አይሞከርም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርቻ በብዙ ስፍራ ጥልቀት የለውም፤ መረብም በብዛት ይዘረጋበታል። በጣና ላይ ደግሞ ከ2004 ዓ. ም. ወዲህ እንቦጭ የተባለው መጤ አረም ተንሰራፍቷል። መረብ ወይም አረም የተጠመጠመበት ፕሮፔለር ከጀልባው ሆድ በታች ከሆነ የሚፈታው ሰው ጠልቆ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠለው አውትቦርድ የሚባለው ሞተር ግን ወደ ላይ ተነሥቶ ሠራተኛው ጀልባው ላይ እንዳለ ያጸዳዋል። ሲበላሽም ተፈትቶ ወደ ጋራዥ ይወሰዳል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ጀልባ አውትቦርዱ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በምትኩ የሚጠየቀው አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ሰው ከውሃ ወደ ጀልባው በሚወጣበት ጊዜ ሞተሩ ፈጽሞ መጥፋት አለበት። ማርሹን ነጻ ማድረግ ብቻ አይበቃም።

የጀልባውን የታችኛውን ቅርጽ በተመለከተ ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለቱም አይጠቅሙም። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነው ቆሞ ሲያጠምዱበት አይንገዳገድም፤ ከኋላው የሚተወው ማዕበልም ዝቅተኛ ስለሆነ ለስኪ ይስማማል፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ተሳፋሪውን ያነጥራል። በጣም ሹል የሆነው ደግሞ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል እንጂ ሲቆም ይዋልላል፤ ለመነሣትም ብዙ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ በኋላው በኩል ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያህል የሾለው፣ ርዝመቱም ከ5.5 እስከ 6.5 ሜትር የሆነው መካከለኛ ጀልባ፣ 150 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር ጋር፣ ለሐዋሳም ለላንጋኖም የተመጠነ ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ ርዝመታቸው ከ6 ሜትር በታች የሆኑ የሞተር ጀልባዎች ስንት ሰው፣ ምን ያህል ክብደትና እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚችሉ የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል። በከፍታው ምክንያት የጎደለውን ጉልበት ለመተካት ሲባል ከሰሌዳው ቁጥር የሚበልጥ ሞተር መጫን አይገባም፤ ጉልበቱ ቢቀንስም የሞተሩ ክብደት አይቀንስምና። መፍትሔው ከመጀመሪያው ሰሌዳው የሚፈቅደውን ጀልባ መምረጥ ነው።

የውስጡ አደላደልም የራሱ ሕግ አለው። የመጎተቻው ምሰሶ የሚነቀል ቢሆን ዓሣ አጥማጁ መንጠቆውን ሲወረውር አይሰናከልበትም። ወለሉ ውሃን ወደ ውጭ የሚያፈስ፣ የማያንሸራትት፣ በባልዲ ውሃ የሚታጠብ መሆን አለበት። ማለዳ ቀረሶና አምባዛ የተጫነበት ጀልባ ረፋድ ላይ ባዶ እግሩን ለሚሳፈር ልጅ የሚቀርብ ስለሆነ፣ አንድ የተረሳ መንጠቆ የቤቱን መልካም ስም ሊያጠፋ ይችላል። መንጠቆና ክር የሚቆለፍበት ሳጥን ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሁለት ርካሽ ጀልባ ከአንድ ውድ ጀልባ ይሻላል» ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይሠራልና። ነገር ግን ሁለት ጀልባ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫና ሁለት ጠባቂ ይፈልጋል። የገበያው ስፋት በቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል ቀን የተወሰነ በሆነበት ስፍራ፣ ሁለተኛው ጀልባ አብዛኛውን ዓመት በዳርቻ ታስሮ ፀሐይ ይበላዋል። ሁለት ጀልባ የሚያስፈልገው አንዱ ለሁሉም መድረስ ባቃተው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ገንዘቡን በአንድ ጥሩ ጀልባና በሠለጠነ ሠራተኛ ላይ ማዋል ይበልጣል።

የቤንዚኑም ሒሳብ ከወዲሁ መታሰብ አለበት። በግምት ሲሰላ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲሠራ ለየ10 የፈረስ ጉልበቱ በሰዓት 4 ሊትር ያህል ያቃጥላል፤ የ150ው ሞተር እንግዲህ ወደ 60 ሊትር ይጠጣል። ዓሣ ለማጥመድ በዝግታ ሲሄድ ግን ጥቂት ሊትር ይበቃዋል። ለሁለቱ ሥራ አንድ የሰዓት ኪራይ የሚያስከፍል ቤት ከጉተታው የሚከስረውን ከዓሣው ለማካካስ ሲሞክር ዓሣ አጥማጁን ያስቀይማል። ዋጋው ለየብቻው መቆረጥ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሊጤን የሚገባው የሰው ነገር ነው። በሐይቆቹ ላይ ከማረፊያ ቤቶቹ አስቀድሞ የኖሩት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። መረባቸውን ማታ ዘርግተው ንጋት ላይ ያነሣሉ። ውሃው እንደ መስተዋት የሚረጋውና ለስኪ የሚመቸውም ይኸው የጧቱ ሰዓት ነው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በአንድ ሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ይጓዛል፤ ነጂው ለ10 ሴኮንድ ያህል ዞሮ የሚጎተተውን ሰው ቢመለከት 125 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከውሃው ብዙም ከፍ የማይል ታንኳና በላዩ የተቀመጠ የቤተ ሰብ አባወራ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚጎተተውን የሚመለከት ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ጀልባው ሊነሣ አይገባም፤ ነጂው ፊት ለፊቱን ብቻ ይመልከት። የሰዓቱም ድልድል ይኸው ይሁን፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከዓሣ አጥማጆቹ ጎን በዝግታ የሚጠመድበት፣ መረቡ ከተነሣ በኋላ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የሚጎተትበት፣ ነፋሱ ሲበረታ የሚታረፍበት። አዞ በሚበዛበት በጫሞ ሐይቅ ግን ጉተታውን ፈጽሞ መተው ግድ ነው፤ በዚያ ጀልባው ዓሣና ተመልካች ብቻ ይጫን።

እንግዶች በመንጠቆ ከሚይዙት አልፎ ዓሣ ለገበያ ለማውጣት የሚፈልግ ነጋዴ ካለ፣ በ1995 ዓ. ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ይወቅ። ይልቁንም በፈጣን ጀልባ ገብቶ ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ጋር በመረብ መፎካከር ጥቅሙ ጥቂት፣ ቅሬታው ብዙ ነው። የሚሻለው ሐይቁን የሚያውቁትን እነዚያኑ ሰዎች በነጂነትና በመሪነት መቅጠር ነው። አለቱና መረቡ የት እንዳለ ካርታ ሳያዩ የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና።

በመጨረሻ የዋጋ ማቅረቢያው ደብዳቤ ሲደርስ ቃል በቃል መነበብ አለበት። የሞተሩ እግር ርዝመት 20 ኢንች ነው ወይስ 25? ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ከፍታ ጋር ካልገጠመ ሁለቱም ዕቃ ይሆናሉ። «ከነሙሉ ዕቃው» የሚለው ቃል የመጎተቻውን ምሰሶ፣ የሕይወት ጃኬቶቹን፣ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ያጠቃልላልን? መለዋወጫውስ በአገር ውስጥ ከማን ይገኛል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ሻጭ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም እንኳ ውድ ነው።

ሐይቅ የአንድ ነጋዴ ንብረት አይደለም፤ ለዓሣ አጥማጁ እርሻ፣ ለእንግዳው ማረፊያ፣ ለነጋዴው ሥራ ነው። ሦስቱን ሳያጋጭ የሚሄድ ጀልባ የገዛ ነጋዴ ሁለቱንም ባላ በጽኑ መሬት ተከለ ማለት ነው።