ሥጋው ውስጥ የሚቀረው ጥይት
ሚኒሶታ ያሉ አዳኝ ጓደኞቼ ስለ ጥይት ሲከራከሩ ከፍጥነትና ከጉልበት አያልፉም። ፕሮግራመር ነኝና ቁጥር እኔንም ይማርከኛል፤ ክርክሩ ግን ቦታውን ስቷል። 308ም ሆነ 30-06፣ ልብና ሳንባ ላይ ካረፈ አጋዘን ይጥላል። ዋናው ጥያቄ ጥይቱ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። የእርሳስ ጥይት ሲመታ ይበታተናል፤ በዓይን የማይታይ ስብርባሪው ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የመዳቡ ግን ጫፉ ይከፈታል እንጂ እምብዛም አይሰባበርም። ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርሳስ ጥይትን ለአደን ከልክላለች።

«መዳብ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ይወደዳል። ግን ለአንድ አጋዘን ስንት ጥይት ልትተኩሱ ነው? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት! መጀመሪያ ዒላማ ላይ ሞክሩት፤ ጠመንጃችሁን እንደገና ማስተካከል ሊኖርባችሁ ይችላል። ሥጋውን ቤት ወስዳችሁ ለልጆች ነው የምታበሉት። ለልጅ ደግሞ «ይህን ያህል እርሳስ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።