ሌሎችን ያጽናና ልጅ

በዚህ ወር በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ነገር ከባድ ነው፤ ይኸውም የልጅ ሞት ነው። ሽማግሌ ሲሞት ዕድሜውን ጠግቦ ሄደ ተብሎ ሐዘኑ ይቀላል። ልጅ ሲሞት ግን ወላጅ የሚጽናናበትን ቃል ያጣል፤ ጐረቤትም ምን ብሎ እንደሚያጽናና ይቸግረዋል። ነገር ግን ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ ሳለ ለብዙ ሰው የሚተርፍ ፍሬ ያፈሩ ልጆች በየአገሩ ታይተዋል። ከእነዚህም አንዱ ማቲ ስቴፓኔክ የተባለው አሜሪካዊ ልጅ ነው።

ማቲ ሐምሌ 10 ቀን 1982 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990) በዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። ያደገውም ከከተማይቱ አጠገብ በሚገኘውና ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት ነው። እናቱ አራት ልጆች ወለደች፤ እርሱ የመጨረሻው ነበር። አራቱም ጡንቻን የሚያደክም፣ ትንፋሽንና የልብን ትርታ የሚያውክ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ በሽታ ይዘው ተወለዱ። እናቲቱም የዚያው በሽታ ቀለል ያለው ዓይነት እንዳለባት የታወቀው አራቱም ከተወለዱ በኋላ ነበር። ሦስቱ ታላላቆቹ ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ እናትና የመጨረሻው ልጅ ብቻ ቀሩ።

ማቲ ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ በቅርብ የሞተው ወንድሙ ነገር ልቡን ስለ ከበደው፣ የሚሰማውን በግጥም ይናገር ጀመር። እናቱም ዝም አላሰኘችውም፤ የሚናገረውን እየጻፈች አቆየችለት። በኋላም ራሱ መጻፍ ሲችል በሺህ የሚቈጠሩ ግጥሞችን ጻፈ። ሕመሙ ሳይጠናበት ሃፕኪዶ የተባለውን የኮርያ የትግል ጥበብ ተምሮ ጥቁር ቀበቶ እስከ መታጠቅ ደርሶ ነበር። በኋላ ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ በመሣሪያ የሚተነፍስ ልጅ ሆነ።

በ1993 ዓ.ም. (በ2001) በዋሽንግተን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሞት ተቃረበ። ያን ጊዜ ምኞቱ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ሦስት ነገር ጠየቀ፤ ግጥሞቹ በመጽሐፍ እንዲታተሙለት፣ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከጂሚ ካርተር ጋር ስለ ሰላም እንዲነጋገር፣ በኦፕራ ዊንፍሬይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም መልእክቱን እንዲያሰማ። ሦስቱም ተፈጸሙለት። አንድ ትንሽ አሳታሚ ያተመለት መጽሐፍ በአሜሪካ በብዛት ከሚሸጡት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በሕይወት ሳለም አምስት የግጥም መጻሕፍት ታተሙለት። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ እርሱ ያሉትን ሕሙማን ለሚረዳው ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ እየተዘዋወረ ተናገረ።

የመጽሐፎቹ መጠሪያ የሆነው ነገር «የልብ ዝማሬ» ነው። እንደ እርሱ አሳብ እያንዳንዱ ሰው እግዚአብሔር በውስጡ ያኖረው የራሱ ዝማሬ አለው፤ አንድ ሰው በመከራ ብዛት የራሱ ዝማሬ ቢጠፋበት፣ የራሱን እስኪያገኝ ድረስ ሌላው የእርሱን ሊያካፍለው ይገባል። ይህን የተናገረው ሦስት የቅርብ ሰዎቹን ያጣ፣ የእርሱም ተራ እንደሚደርስ የሚያውቅ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ማቲ ሰኔ 15 ቀን 1996 ዓ.ም. (በ2004) አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 21 ቀን፣ በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀብሩ ሥርዓት ሲፈጸም ንግግር ያደረጉት ጂሚ ካርተር ነበሩ። እኚህ ሰው በእኛም አገር የዓይን ማዝን ለማጥፋት በተደረገው ሥራ ድርጅታቸው ብዙ የረዳ ስለሆነ ስማቸው የታወቀ ነው። በዚያች ቀን ነገሥታትንና ፕሬዚዳንቶችን ያወቁ እርሳቸው፣ በዕድሜያቸው ካወቁት ሰው ሁሉ የሚደነቀው ይህ ልጅ መሆኑን መሰከሩ። በሮክቪል ከተማ በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ፤ የእርሱና የውሻው ሐውልትም በዚያ ቆሟል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህን ታሪክ ያመጣነው የልጁን ዝና ለመንገር ብቻ አይደለም። እኛ ይልቁን ያስተዋልነው ያች እናት የሦስት ዓመት ልጅዋን ሐዘን እንደ ሐዘን መቍጠርዋን ነው።

በአገራችን ለትልልቆች ሐዘን ብዙ መውጫ ተሠርቶለታል። ለቅሶው፣ ሙሾው፣ የእድሩ ድንኳን፣ ፍትሐቱ፣ ተዝካሩ ሁሉ ያዘነውን ሰው ደግፈው የሚያቆሙ ናቸው። ለሕፃናት ግን ይህ ሁሉ በር የሚዘጋበት ቤት ብዙ ነው። ልጅ ሲሞት ታናሹ ወደ ጐረቤት ይላካል፤ «እኅቴ የት ሄደች?» ቢል «ሩቅ አገር ሄዳለች» ይባላል፤ ደግሞ ቢጠይቅ «እናትህን አታስለቅስ፤ ሂድ ተጫወት» ተብሎ ይመለሳል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር የተነሣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ልጁ ባዶውን አልጋ ያያል፤ የእናቱን ዓይን ያያል፤ ሩቅ አገር የሄደ ሰው ድምፁን የሚያሰማ መሆኑንም ያውቃል። በመጨረሻም የእኅቱን ስም መጥራት ነውር መስሎት ዝም ይላል፤ ወላጆቹም ዝምታውን መርሳት ይመስላቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ቤት ለልጆቹ እውነቱን በአጭርና በለሰለሰ ቃል ይንገራቸው፤ ሞተች ማለት ሞተች ማለት ነውና። ልጁ ከፈለገ ከወላጁ ጐን ሆኖ ፍትሐቱን ይስማ፤ ካልፈለገም አይገደድ። ጥያቄውን አሥር ጊዜ ቢመላልሰው አሥር ጊዜ ይመለስለት። የሚናገረውን፣ የሚሥለውን፣ የሚጽፈውን የሚቀበል አንድ ትልቅ ሰው፣ እናት ባትችል አክስት ወይም አያት፣ ወይም የንስሓ አባት ይኑረው። በማታ ጸሎትም የሞተችው ልጅ ስም በልጁ አፍ ይጠራ። ወላጅ በልጁ ፊት ቢያለቅስም አይፈር፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ማልቀሱን ለልጆቻችን እናስተምር የለምን?

ሕመምተኛ ልጅ ያለበት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጁን ከእንግዳ ዓይን ሰውሮ በጓዳ ማስቀመጥ ከበሽታው በላይ ያደክመዋል። አልጋ ላይ ቢውልም ፊደል ይቍጠር፤ መዝሙር ያጥና፤ አሳቡን ይጠየቅ። ማቲ መራመድ ተስኖት ሳለ ብዙ ሰው ያጽናና ነበር፤ በየቤታችን ጓዳም ምን ያለ ልጅ ተቀምጦ እንዳለ ጠይቀን ካልሰማነው በቀር አናውቅም።

ልጆቻቸውን ለቀበሩ ወላጆች፣ ወንድምና እኅታቸውን ለቀበሩ ሕፃናትም እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን።