አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበት

ነርሲንግ ስንጀምር መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የወረቀት ቻርት ላይ ስህተት እንዴት እንደሚታረም ነው። ነጭ ቀለም መቀባት ክልክል ነው፤ ፍቆ ማጥፋትም እንደዚሁ። ስህተቱ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፣ የድሮው ጽሑፍ ከስሩ እንደተነበበ ይቆያል፣ አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፍና ቀንና ሰዓት ተጨምሮ ይፈረማል። ያኔ «ለአንድ ቁጥር ይህ ሁሉ?» ብዬ ነበር። አሁን ግን የሆስፒታሉ ኮምፒውተርም ይህንኑ ደንብ ቢማር እላለሁ።

ባለፈው ሴሚስተር ልምምድ በወጣሁበት ክፍል የህመም ማስታገሻ በደም ስር ከተሰጠ ከ30 ደቂቃ በኋላ «በሽተኛውን ተመልሰሽ እዪ» የሚል ማስታወሻ ስክሪኑ ላይ ይመጣ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ 60 ደቂቃ ሆኖ ጠበቀን። የምታሠለጥነኝ ነርስ ናት የነቃችው፤ እኔማ አላየሁትም። አይቲ ጋ ስትደውል ያገኘችው መልስ ፎርሙ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ (በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምለው) ከሙከራው ሲስተም ወደ ዋናው ገብቷል የሚል ነው። ማን አስገባው? «ሲስተም» የሚባል አካውንት። በፊት ስንት ነበር? ሎጉ ላይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሎች ሶፍትዌራቸውን ቢያንስ በሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ መሞከሪያ ነው፣ ሌላው እኛ በሽተኛ የምናይበት። ለውጥ መጀመሪያ መሞከሪያው ላይ ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ ከዚያ ኢምፖርት ይደረጋል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚሻገረው የተለወጠችው መስመር ብቻ ሳትሆን ፎርሙ በሙሉ ነው፤ መጥቶ በነበረው ላይ ይቀመጥበታል። በኋላ እንደተረዳነው፣ ከወራት በፊት አንድ ሰው በችኮላ ዋናው ላይ በቀጥታ 30 ብሎ አርሞት ነበር። መሞከሪያው ላይ 60 እንዳለ ቀረ። ሌላ ሰው ደግሞ ከዚህ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ጥያቄ ጨምሮ ፎርሙን ሲልክ፣ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሻንጣችን ውስጥ እንደሚገኘው የሰው በርበሬ፣ 60 አብሮ ገባ። 60 ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ይህ የአንድ ክፍል ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ (በፈረንጅ) 15,841 ኮቪድ የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ቀርተዋል። የላብራቶሪ ውጤቶቹ የገቡበት የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ነው። የተላከውንና የገባውን ቆጥሮ ማስተያየት ይበቃ ነበር።

«ሕግ አለ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ የአሜሪካው ሂፓ የበሽተኛ መረጃ ባለበት ሲስተም የሚደረገውን የሚመዘግብና የሚመረምር ዘዴ እንዲኖር ያዛል። ክፍል ውስጥ የምንማረው ግን የማንን ቻርት ማን ከፈተው የሚለውን ነው። ቻርቱ ራሱ ሲለወጥስ?

ነርስ ሎግ ስታነብ የምትውልበት ጊዜ የላትም፤ እሱም እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ሺፍት ስንቀበል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ይህ ፎርም ሌሊት ከ30 ወደ 60 ተለውጧል፣ ያጸደቀው እገሌ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ የማኅበራችን ልጆች፣ ነገ ይህን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱን ቅጂዎች አስተያዩ፤ የድሮውን ዋጋ አስቀምጡ፤ «ሲስተም» በሚል ስም አትፈርሙ።

ከቤታችንም ልጨምር። እናቴ የተወለደችው ጥር 1963 ዓ.ም. ነው። ከወረቀት ወደ ወረቀት፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር «ዓ.ም.» የምትለዋ መንገድ ላይ ቀረች፤ 1963 የፈረንጅ ሆኖ እናቴ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጀች። ቀልድ አድርገነው ኖረናል። ነርሲንግ ስማር ግን የኩላሊት አቅም ሲሰላ ዕድሜ እንደሚገባበት፣ የአንዳንድ መድኃኒት መጠንም በዚያ እንደሚወሰን አወቅሁ። ባለፈው ወር ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት ሄጄ ለሐኪሟ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ማስታወሻው ላይም ጻፈው። ስክሪኑ ላይ ያለው ዕድሜ ግን እስካሁን ያው ነው።